ጎልድፊሽ ገንዳ ሲቀይር፦ በአባወራው ላይ ለምን ተሳስተን ፈረድን?



ይህ ጽሑፍ ከፈተናም ከምዝገባም ጋር አይገናኝም፤ ስለ ዓሣ ነው። የተነሣው ግን ከእኛው ቤት ነው። አንድ ዓሣ ሞቶብናል፤ ሌላው ደግሞ ያለ ጥፋቱ ሁለት ቀን ባልዲ ውስጥ ታስሯል። የታሰረውን ለመካስ ባንችልም እንዴት እንደተሳሳትን መጻፍ አያቅተንም ብለን ነው።

ባለፈው ዓመት የተመረቀ አንድ ወንድማችን ከአምቦ ሲወጣ አኳሪየሙን ይዞ መሄድ ስላልቻለ፣ ከካምፓስ ውጪ ቤት ተከራይተን ለምንኖረው ለአራታችን አደራ ብሎ ትቶልን ሄደ። ገንዳው 120 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። በውስጡ ሦስት ጎልድፊሾች ነበሩ። ትልቁን ብርቱካንማውን «አባወራው» እንለዋለን። የአከራያችን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!» እያሉ መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ። ቤቱ ደመቀ፤ እኛም ብንጨምርበት ምናለ አልን። ከመካከላችን አንዱ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ሁለት ትንንሽ ጎልድፊሾች፣ አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ፣ በፌስታል ውሃ ይዞ መጣ።

መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን መናኸሪያ ላይ ሰው እስኪሞላ የተጠበቀው፣ ሆለታ ላይ የቆምነው፣ ጊንጪ ላይ ጎማ የተቀየረው ሁሉ ሲደመር ዓሦቹ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ስድስት ሰዓት ቆይተዋል። እኛ ደግሞ ቤት የቀረነው፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጸዳው፣ ገንዳውን ከነጠጠሩ፣ ከነፊልተሩ ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ፈትገን አጥበን አዲስ ውሃ ሞልተን ጠበቅን። ይህችን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እንግዶቹ ገቡ። ገና እንደገቡ ወደ ታች ወርደው ከፊልተሩ ጀርባ ተሸጎጡ። ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ጉንጫቸውን ቶሎ ቶሎ እያንቀሳቀሱ ቆሙ። ምግብ ስንጥል ዞር ብለውም አላዩ። አባወራው መጣና ነጩን በአፉ ነካ ነካ አደረገው፤ ነጩ ሲሸሽ ተከተለው። በማግስቱም እንዲሁ። ተሰብስበን ተመካከርን፤ ፍርዱም ቶሎ ወጣ፦ አባወራው እንግዳ አይወድም፣ እያሰቃያቸው ነው፣ ይውጣ። አንዱ እንዲያውም ሁሉቃ ወንዝ ወስደን እንልቀቀው ብሎ ነበር። በባልዲ ተስማማን። በሦስተኛው ቀን ለሱብሒ ስንነሣ ነጩ ዓሣ በጎኑ ተንሳፎ አገኘነው። አባወራው ያን ጊዜ ባልዲው ውስጥ ነበር። መድረሳ ሳለን ድመቷን አስራ ስለገደለችው ሴት ያልተማረ ከመካከላችን የለም፤ ያን ጠዋት ቁርስ ላይ ብዙ አልተወራም።

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርነው። ከዓሦቹ ጠባይ እንነሣ።

ጎልድፊሽ የካርፕ ቤተሰብ ነው። ቻይናውያን ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በኩሬ ከሚያረቡት አመድማ ዓሣ መካከል አልፎ አልፎ ወርቅማ ሆነው የሚወለዱትን እየለዩ በማራባት ያገኙት ነው። መልኩ ቢቀየርም ጠባዩ የአያቶቹ ነው። በተፈጥሮው ዝግ ባለ፣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ በመንጋ የሚኖር፣ አፈር እየጫረ የሚበላ ዓሣ ነው። የራሱ የሚለው የተከለለ ግዛት የለውም፤ «ይህች ጥግ የእኔ ናት» ብሎ አይዋጋም። ከአውሬ የሚጠብቀው ጥርስም እሾህም ስላልሆነ የሚተማመነው በመንጋው ነው። ብቻውን የቆመ ጎልድፊሽ ከወገኖቹ ጋር ካለው ይልቅ ፈሪ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ዓሣ ወደማያውቀው ገንዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ወደ ታች ይወርዳል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፣ መሐል ሜዳውን ይፈራል። በሰውነቱ ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል፤ ይህም ሆርሞን በእኛም ሰውነት ውስጥ ያለ ነው። የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ የበሽታ መከላከል አቅሙም ይዳከማል። ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን እንዲህ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ፍሬሽ ሆነን ዶርም በገባንበት የመጀመሪያ ሌሊት እራት የበላንስ ስንቶቻችን ነን?

አዲሱን ቦታ የሚማረው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በጎኑ የተዘረጋ መስመር አለው፤ በዚያ የውሃውን ንቅናቄ እየሰማ ግድግዳው የት እንዳለ፣ ጎረቤቱ በየት በኩል እንዳለፈ ያውቃል። ሽታም በጣም ይሸተዋል። ለእኛ ንጹሕ የሚመስለን ውሃ ለእርሱ ወሬ የሞላበት ነው፦ ማን እንዳለ፣ ማን እንቁላል ሊጥል እንደደረሰ፣ ማን እንደቆሰለ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ በ1930ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። የጎልድፊሽ የሩቅ ዘመድ የሆነ ትንሽ ዓሣ ቆዳው ሲቆስል ከቆዳው የሚወጣው ንጥረ ነገር ሌሎቹን አስደንግጦ ይበትናቸዋል። ጎልድፊሽም ይህ ጠባይ አለው። በመረብ ስትይዙት ቆዳው ቢላጥ፣ ገና ሳይተዋወቁ ገንዳው በሙሉ በፍርሃት ይሞላል ማለት ነው። እኛ እንግዶቹን ከፌስታሉ ያወጣናቸው በሻይ ማጥለያ ነበር።

«ጎልድፊሽ የሦስት ሰከንድ ትዝታ ነው ያለው» የሚባለውም ሐሰት ነው። ምግብ የሚሰጠውን ሰው፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይለምዳል፤ የተማረውንም ለሳምንታትና ለወራት ይይዛል። ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚጥም አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ጎማ በተገጠመለት ገንዳ ውስጥ ጎልድፊሽ አስገቡ። ከላይ ያለ ካሜራ ዓሣው ወደየት እንደዞረ እያነበበ ለሞተሩ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ዓሣው ወደ አንድ ግድግዳ ሲዋኝ ተሽከርካሪው ክፍሉ ውስጥ ወደዚያ ይሄዳል። ስድስት ጎልድፊሾች ክፍሉ ውስጥ ወደተሰቀለ ባለ ቀለም ምልክት መንዳት ተማሩ፤ መነሻ ቦታቸው ሲቀየርም አልተሳሳቱም። ክፍሉን ከውሃ ውጪ ማወቅ የቻለ ፍጡር የራሱን ገንዳ በጥቂት ቀን ባይለምድ ነው የሚገርመው።

እንግዲህ አባወራው ያሳደዳቸው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። ጎልድፊሽ ጎልድፊሽን ሲከተል ሁልጊዜ ጠብ አይደለም። መጀመሪያ፣ ማሽተት ነው፤ አዲስ የመጣውን ቀርቦ በአፉ ነካ አድርጎ ይለየዋል። አፉ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ሊነክስ ቢፈልግም እንደ ሌላው ዓሣ አይነክስም። ሁለተኛ፣ የምግብ ሽሚያ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ገፍቶ ይበላል፣ ምግቡ ሲያልቅ ሽሚያውም ያልቃል። ሦስተኛው የመራቢያ ወቅት ነው፤ ወንዱ ሴቷን ሆዷን በአፍንጫው እየገፋ ረጅም ሰዓት ይከተላታል።

ይህን ስናነብ አንድ ሌላ ነገር ገባን። አባወራው ጉንጩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አውጥቶ ነበር፤ እኛ በሽታ ነው ብለን ይህንንም ከክሱ ላይ ጨምረንበት ነበር። ነጠብጣቡ መላ ሰውነት ላይ ቢዘራ በሽታ መሆኑ ያስፈራል፤ የጉንጩ ክዳንና የፊት ክንፎቹ ላይ ብቻ ሲሆን ግን ወንዱ ለመራባት መድረሱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ጠዋት ጠዋት ከነባሮቹ አንዷን ሲያሯሩጣት የነበረውም ለዚህ ኖሯል።

በእርግጥ ማሳደዱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። የሚሳደደው ዓሣ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ክንፉ ከተቀደደ፣ ቅርፊቱ ከተነሣ፣ ከሳምንት በኋላም ወደ ምግብ መቅረብ ካልቻለ መለየት ያስፈልጋል። የእኛ ነጭ ዓሣ ግን ሲሞት አንዲት ቅርፊት አልጎደለችበትም። ያን ጠዋት አገላብጠን ያየነው ቢሆን ኖሮ ባልዲውን ቶሎ እናስብ ነበር።

ስህተታችን ከየት እንደመጣም እናውቃለን፤ ዓሣ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር። አገራችን ውስጥ ሰው የሚያውቀው ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል አራብቶ ለኩሬ አርቢዎች የሚያከፋፍለውም እርሱን ነው። የቆሮሶ ጠባይ ፈጽሞ ሌላ ነው። ወንዱ ከታች አፈሩን ቆፍሮ እንደ ሳህን ጎድጓዳ ቦታ ያበጃል፤ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። የማይተዋወቁ ወንዶች አንድ ገንዳ ሲገቡ ማን የበላይ እንደሆነ እስኪለይ ይዋጋሉ፤ የተሸነፈው ዓይኑ ይጠቁራል፣ ይህም «ተሸንፌያለሁ» ማለቱ ነው፣ አሸናፊውም ይተወዋል። «አዲስ ዓሣ ከመጨመራችሁ በፊት ድንጋዩን አቀያይሩ» የሚለው ምክር የወጣው እንደ ቆሮሶ ላሉት ባለ ግዛት ዓሦች ነው፤ ነባሩ ርስቱን ሲያጣ ከእንግዳው እኩል ይሆናልና። ለጎልድፊሽ ርስት የሌለው በመሆኑ ብዙም አይፈይድለትም። እኛ የቆሮሶን ሕግ አምጥተን ጎልድፊሽ ላይ ፈረድን።

ታዲያ ነጩን የገደለው ምንድን ነው? የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ያለ አንድ ወንድማችን የውሃ መመርመሪያ ወረቀት ይዞ መጣ። ውሃችን ውስጥ አሞኒያ ተገኘ።

ዓሣ አሞኒያ የሚያስወጣው በአብዛኛው በጉንጩ በኩል ነው። በለመደ ገንዳ ውስጥ ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ የመጨረሻው ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ስፖንጅ ላይ በቂ ሆነው እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛ ለእንግዳ ክብር ብለን ስፖንጁን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ስንፈትግ አብዛኞቹን ገደልናቸው። ስለዚህ ያን ቀን ወደ አዲስ ገንዳ የገቡት ሁለቱ እንግዶች ብቻ አልነበሩም፤ አባወራውና ሁለቱ ነባሮችም ጭምር እንጂ። ሽታው ተቀይሯል፣ ጠጠሩ ተቀይሯል፣ ውሃው ያቃጥላል። የአባወራው መንቀዥቀዥ ከእንግዶቹ መምጣት ይልቅ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብለን እናምናለን።

በፌስታሉ ውስጥ የነበረው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ኬሚስትሪ አንድን ያስታውሳል። ዓሣው በታሰረ ፌስታል ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። ፒኤች ሲወርድ አሞኒያው አብዛኛው አሞኒየም ወደሚባለው ብዙም ወደማይመርዘው መልኩ ይሄዳል። ፌስታሉ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒየሙም ተመልሶ መርዛሙ አሞኒያ ይሆናል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው ውስጥ መርዛሙ ከሺህ 4 ያህል ነው፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ከሺህ 38 ገደማ ይሆናል። ዘጠኝ እጥፍ! እኛ ደግሞ «ቀስ በቀስ ይልመዱ» ተብለን ፌስታሉን ከፍተን ገንዳው ላይ አንሳፈን፣ በሻይ ብርጭቆ ውሃ እየጨመርን ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየናቸው። ለአጭር መንገድ የሚሆን ምክር ለስድስት ሰዓት መንገድ አይሆንም። ረጅም መንገድ የመጣ ፌስታል ሳይፈታ ገንዳው ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከል፤ ከዚያ ተፈትቶ ዓሣው ወዲያው ይግባ፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋ እንጂ ገንዳው ውስጥ አይግባ።

ነጩ እያቃሰተ በነበረበት ምሽት አየር ያጠረው መስሎን አንዱ ወንድማችን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይዞ መጥቶ «አረፋ አለው፣ እንጨምርበት» ብሎ ነበር። አልሐምዱሊላህ ሳይከፈት ቀረ። የአምቦ ውሃ አረፋ ኦክስጅን ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ብዛት ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓሣን ያደነዝዛል፣ ከዚያም ይገድላል። የኦክስጅን ነገር ግን እውነትም አምቦ ላይ መታሰብ አለበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ የእኛ ውሃ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። በቆላ አገር አምስት ዓሣ የሚችል ገንዳ እዚህ አራት ቢይዝ ይሻላል ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሲቆም ውሃውን በብርጭቆ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ለጊዜው ይረዳል፤ ተረኛ መድበን ሠርተንበታል።

ጎልድፊሽ ኦክስጅን ሲያጣ ብዙ ይታገሣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ፈጽሞ ሲያልቅ በሰውነቱ የሚጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል ቀይሮ በጉንጩ ያስወጣዋል። ይህ በጀማዓው መካከል ሲነገር የተፈጠረው ሳቅ ቀላል አልነበረም፤ «ታዲያ አባወራው ሰክሮ ነው የሚያሳድደው?» ያለም አለ። ነገር ግን ችግሩም ይኸው ነው፤ ቶሎ ስለማይሞት ሰው ተመችቶታል ይላል። ጠባብ የመስታወት ሳህን ውስጥ ለወራት የሚሽከረከረው ጎልድፊሽ እየኖረ ሳይሆን እየቻለ ነው። በአግባቡ የተያዘ ጎልድፊሽ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ ከ20 ሴንቲ ሜትርም ይበልጣል።

ወንዝ እንልቀቀው ስለተባለውም አንድ ነገር እንበል፤ ሐሳቡ ከደግ ልብ የመጣ ነውና ሌላም ሰው ሊያስበው ይችላል። አይለቀቅ! የጎልድፊሽ የቅርብ ዘመዶች የሆኑት ካርፖች ከውጭ መጥተው ዝዋይ ሐይቅ ገብተዋል፤ ዛሬ ካርፕ ከሐይቁ በብዛት ከሚወጡት ዓሦች አንዱ ነው፣ የገባውን ማስወጣት አይቻልም። ካርፕ ከታች አፈሩን እየጫረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የሌሎቹን እንቁላልና ምግብ ይበላል፤ ጎልድፊሽም እንዲሁ ነው። ከእኛ ሩቅ ያልሆኑትን ደንዲንና ወንጪን ያየ ሰው እንዲህ ያለ እንግዳ እዚያ ሊያስገባ አይገባም። ሁሉቃ ደግሞ በከተማው መሐል አልፎ ወደ ታች የሚሄድ ውሃ ነው፤ የለቀቅነው እዚያው አይቀርም። ዓሣ ማቆየት ያልቻለ ሰው ማቆየት ለሚችል ይስጥ።

ቀዩ እንግዳ ተርፏል። ነጩ የሞተ ዕለት ከገንዳው ውሃ ሩቡን፣ በማግስቱም ሩቡን ቀየርን፤ የምንጨምረው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ያደረ ነው። መመርመሪያው ወረቀት ጥሩ እስኪያሳይ አራት ሳምንት ምግቡን በጣም ቀነስን፤ ጎልድፊሽ ጨጓራ ስለሌለው ጥቂት ጥቂት መብላት ይስማማዋል። መስታወቱን እንዳያንኳኩ ልጆቹን ለመንን፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ከጀርባው ካርቶን ለጠፍን፣ ሌሊት መብራት አጠፋን። ስፖንጁን ከእንግዲህ የምናጥበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ጨመቅ ጨመቅ በማድረግ ብቻ ነው። ሌላ ዓሣ ቢመጣ መጀመሪያ ለብቻው በሳፋ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ አሁን ግን አይመጣም፣ 120 ሊትር ለአራቱም ጠባብ ነው።

አባወራው ከባልዲው የወጣ ዕለት ቀዩ ገና ከፊልተሩ ጀርባ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀዩ ብቅ አለ። በአምስተኛው ቀን ምግብ ስንጥል አባወራው ወጣ፣ ሁለቱ ነባሮች ተከተሉት፣ ቀዩም ከሁሉም ኋላ ጅራታቸውን ይዞ መጣ። አሁን አራቱም አብረው ይዞራሉ፤ አባወራው አንዳንዴ ቀዩን ይገፋዋል፣ ምግቡ ሲያልቅ ይተወዋል።

የሴሚስተሩ እረፍት ደርሷል፤ አምቦ የሚቀር ወንድም ወይም እህት ካለ ቁልፉን ከእኛ ይውሰድ።